ራዳር ዲቴክተር ከመግጠማችሁ በፊት

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ሥራዬ ቨርጂኒያ። በ2 ወር ውስጥ 2 የፍጥነት ቲኬት ደረሰብኝ። ጓደኛዬ "ራዳር ዲቴክተር ግዛና ተገላገል" አለኝ። ገመዱ እንዳይታይ አድርጌ ራሴ ልገጥመው አስቤያለሁ። የምታውቁ ምከሩኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የፖሊስን የፍጥነት መለኪያ ሞገድ ሰምቶ የሚያስጠነቅቀውን ይህን ዕቃ ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፤ በእጄም ገጥሜያለሁ። አገጣጠሙን እነግርሃለሁ። ግን ከሱ በፊት የምትመላለስበትን መንገድ እንነጋገር።

ሜሪላንድ ውስጥ በግል መኪና መጠቀም ይፈቀዳል። ቨርጂኒያና ዲሲ ግን ክልክል ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ማጥፋቱ ብቻ አያድንህም። ኃይል እንዳያገኝ ተነቅሎ፣ አንተም ሆንክ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው በቀላሉ የማትደርሱበት ቦታ መቀመጥ አለበት። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከተተው። እኔ በገዛሁት በመጀመሪያው ሳምንት ረስቼው ተሻግሬያለሁ። ወደ ቨርጂኒያ የሚያሻግረው ድልድይ መሃል ላይ ሲጮህ ነው ትዝ ያለኝ። የመጀመሪያውን መውጫ ይዤ፣ ቆሜ እስክነቅለው ድረስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን ስለ ዕቃው። የፖሊሱ መሣሪያ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ መኪናህን መትቶ ሲመለስ ድግግሞሹ ይለወጣል፤ ከለውጡ ፍጥነትህ ይሰላል። ለፖሊሱ ሞገዱ ሄዶ መመለስ አለበት። አንተ ጋ ግን መድረሱ ብቻ ይበቃል። ዲቴክተሩ ቀድሞ የሚሰማው ለዚህ ነው። ችግሩ፣ ፖሊሱ መሣሪያውን ዝም አሰኝቶ ቆይቶ አንተ ስትቀርብ ብቻ ሊያበራው ይችላል። ከፊትህ ሌላ መኪና ካልተመታ በቀር ማስጠንቀቂያው የሚደርስህ ፍጥነትህ ከተነበበ በኋላ ነው። በራዳር ፋንታ በብርሃን ጨረር ፍጥነት የሚለካው የፖሊስ ሌዘር ደግሞ ይብሳል። ጨረሩ 300 ሜትር ላይ እንኳ ስፋቱ 1 ሜትር ገደማ ስለሆነ አንዱን መኪና ለይቶ ይመታል። "ሌዘር" ብሎ ሲጮህ ብዙ ጊዜ ነገሩ አልቋል። ሰሌዳህን ሁለት ቦታ አንብበው አማካይ ፍጥነት የሚያሰሉ ካሜራዎችን ጭራሽ አይሰማቸውም። ጂፒኤስ ያለው ዓይነት ብቻ፣ ቦታቸው ከተመዘገበለት ይነግርሃል። ስለዚህ "ተገላገል" የሚለው ቃል ልክ አይደለም።

ጩኸቱን መለየት ልመድ። ኬ ባንድ፣ ማለትም 24 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው የሞገድ ክልል፣ የሱቅ አውቶማቲክ በሮችና የሌሎች መኪኖች የጎን ሴንሰሮችም የሚጠቀሙበት ነው። ከተማ ውስጥ በከንቱ ሲጮህብህ ይውላል። ኬኤ ባንድ፣ ከ33.4 እስከ 36 ጊጋኸርዝ ያለው፣ ሲጮህ ግን በቁም ነገር ውሰደው።

አገጣጠሙ ላይ ልቆይ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቦታው ከውስጥ ስፖኪዮ አጠገብ ከፍ ብሎ ቢሆን ጥሩ ነው። እይታህን አይጋርድ። ፊቱ ወደ መንገዱ ቀጥ ይበል፤ ወደ ሰማይ ካንጋጠጠ ከሩቅ መስማቱን ያጣል። የዝናብ መጥረጊያው ከሚያርፍበት ጀርባ አታድርገው። መስታወትህ የብረት ሽፋን ካለው ሞገዱን ያፍናል፤ በአንዳንድ መኪና ስፖኪዮው አካባቢ ሽፋን የሌለው ክፍት ቦታ ይተዋል፣ እሱን ፈልግ። የሚለጠፈው ጎማ እንዳይወድቅ መስታወቱን በአልኮል ወልውለው። ካሊፎርኒያና ሚኒሶታ ያላችሁ መስታወት ላይ ዕቃ መለጠፍ የተገደበ ስለሆነ ዳሽቦርድ ላይ አስቡት።

ገመዱን በፊውዝ ሳጥን በኩል የምትስበው ከሆነ በመጀመሪያ መኪናው ሲጠፋ ኃይሉ አብሮ የሚቋረጠውን ፊውዝ በቴስተር ለይ። ከዚያ ገመዱን ከማገናኘትህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። አንድ የማውቀው ልጅ ሁልጊዜ ኃይል ካለው ፊውዝ ጋር አገናኝቶ፣ ከቀናት በኋላ ጠዋት መኪናው አልነሳ አለው። የኤርባግና የፍሬን ፊውዝ ጋ አትድረስ። ማሳውን፣ ማለትም የኔጌቲቭ ገመዱን፣ ቀለም ያልተቀባ የመኪናው ብረት ላይ አጥብቀህ እሰር።

አንድ ነገር አደራ። ከጣሪያው ወደ ታች በሚወርደው የፊት ምሰሶ ሽፋን ውስጥ በብዙ መኪኖች ኤርባግ አለ። ገመድህ በኤርባጉ ፊት ለፊት ካለፈ፣ በግጭት ጊዜ አከፋፈቱን ሊያሰናክል ወይም ገመዱን ፊትህ ላይ ሊወረውረው ይችላል። ከጀርባው አሳልፈው፣ ከነባሩ የገመድ እስር ጋር አብረህ እሰረው። ይህን እርግጠኛ ሆነህ መሥራት ካልቻልክ ለባለሙያ ስጠው። ለአንተ ግን በየቀኑ ስለምትነቅለው የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ይበቃሃል።

ራዳር የሚያፍን ዕቃ የሚሸጥልህ ሰው ካጋጠመህ አትግዛ። እሱ በፌዴራል ሕግ በመላው አሜሪካ ክልክል ነው።

ሌላው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ከበለጥክ፣ ወይም በየትኛውም መንገድ ከ85 ካለፍክ፣ ያ ተራ ቲኬት አይደለም። ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያመጣ ይችላል። የመኖሪያ ወይም የዜግነት ጉዳይህ ገና ካላለቀ፣ እንዲህ ዓይነት ክስ ሲደርስህ ጥፋተኛ ነኝ ከማለትህ በፊት የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አነጋግር። ብዙ ልጆች "ከፍዬ ልገላገል" ብለው ፈርመው ኋላ ተቸግረዋል።

ሌላ ጥያቄ፦ ልጆች፣ እኔ ትራክ ነው የምነዳው፤ ከስቴት ስቴት እዞራለሁ። የተፈቀደበት ስቴት ስደርስ ብቻ ብጠቀምበትስ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ለእርስዎ የተፈቀደበት ስቴት የለም። ከስቴት ስቴት የሚሠራ፣ ክብደቱ ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሆነ የንግድ መኪና በፌዴራል ሕግ ይከለከላል። መጠቀም ብቻ አይደለም፣ መኪናው ውስጥ መገኘቱም ያስቀጣል። ሻንጣዎ ውስጥ ካለ እንኳ ቤት ትተውት ይውጡ። ጭነት ይዘው ወደ ካናዳዋ ኦንታሪዮ ከተሻገሩም እዚያ ለማንም ሰው ክልክል ነው።

ጠያቂው፦ በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ። የፊውዙን ነገር ትቼዋለሁ። ስለ ወንጀሉ ግን አላውቅም ነበር፤ ሁለተኛው ቲኬቴ በ17 ማይል ነበር የተጻፈው።

መልስ፦ እንግዲህ በ3 ማይል ነው ያመለጥከው። የጠዋቱን መውጫ 15 ደቂቃ ቀደም አድርገው፤ ዕቃውንም ድልድዩ ጋ ሳይሆን ከቤት ስትወጣ ከኋላ አስቀምጠው።