ዩኒቨርሳል ሪሞቱ ቲቪውን ይሠራል፣ ሆም ቲያትሩን ግን እምቢ ብሏል (አስቸኳይ!)

ማሂ ጎፋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቶሎ የምትመልሱልኝ ካላችሁ በእናታችሁ። ዛሬ ማታ 4 ሰዓት ኳስ አለ፣ ወንድሞቼ ጓደኞቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ሆም ቲያትሩ ግን ድምፅ የለውም። የራሱን ሪሞት ልጄ የልብስ ማጠቢያ ባልዲ ውስጥ ጨመረችው። ጠዋት ዩኒቨርሳል ሪሞት ገዛሁ፤ ሻጩ «የማይሠራው ነገር የለም» ብሎኛል። አብሮት ከመጣው ወረቀት ላይ ሶኒ ከሚለው ሥር ያሉትን ኮዶች አንድ በአንድ አስገባሁ። ቲቪውን ያበራል፣ ያጠፋል፣ ድምፁን ይጨምራል። ሆም ቲያትሩ ንቅንቅ የለም። ትክክለኛውን ኮድ የምታውቁ ጣሉልኝ።

ቢኒ 07፦
ድንጋዩን ቀይሪው። ከሪሞት ጋር አብሮ የሚመጣ ድንጋይ የረባ አይደለም።

ማሂ ጎፋ፦
ቲቪውን እያዘዘ ድንጋዩ ምን ይሆናል?

ቢኒ 07፦
እሱስ ልክ ነሽ። ግን ለማንኛውም ቀይሪው።

ቀዩ ሰይጣን፦
ማን ከማን ነው? አርሰናል ካለበት ያለ ድምፅ ማየቱ ለጤናሽ ይሻላል።

የድሮ ልጅ፦
ሄደሽ በእጅሽ ተጫኚዋ! እኛ ቤት ሪሞቱ እኔ ነበርኩ። አባቴ «ድምፁን ቀንስ» ሲሉ ከውጭ ድረስ እየሮጥኩ ነበር የምገባው።

ጋሽ መሐንዲስ፦
ልጄ፣ ኮድ ከመጠየቅሽ በፊት ሪሞት ምን እንደሚሠራ ማወቅ አለብሽ። ሪሞት የሚልከው በዓይን የማይታይ ብርሃን ነው፤ ኢንፍራሬድ ይባላል፣ የሞገድ ርዝመቱ 940 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ብርሃን ዝም ብሎ ቢበራ ቲቪው ከፀሐይና ከአምፖል ብርሃን ሊለየው አይችልም። ስለዚህ በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም እንዲል ተደርጓል። ሶኒ 40 ሺህ ነው የሚጠቀመው፤ ፊሊፕስ በቀድሞው አሠራሩ 36 ሺህ። መልእክቱ በዚህ ላይ በቁጥር ይጫናል። በሶኒ ዘንድ አጭሩ መልእክት 12 ቢት ነው (ቢት ማለት 0 ወይም 1 ነው)፤ 7ቱ የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ፣ 5ቱ ደግሞ ትእዛዙ ለየትኛው ዓይነት ዕቃ እንደሆነ ይናገራሉ። የቲቪ መለያው 1 ነው። ሌላው የሶኒ ዕቃ 1 የሚል ትእዛዝ ሲደርሰው «ለኔ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። ባይሆንማ ኖሮ ቲቪውን ባጠፋሽ ቁጥር ቤት ያለው የሶኒ ዕቃ ሁሉ አብሮ ይጠፋ ነበር። ስለ ፊሊፕስ አሠራር ደግሞ በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

ቀዩ ሰይጣን፦
ጋሼ፣ እርስዎ እስኪጨርሱ ኳሱ ተጀምሮ ያልቃል።

ጋሽ መሐንዲስ፦
እዚህ ያደረሳት ችኮላው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ በሪሞቱ ሐሳብ ራሱ አልስማማም። በዚህ ዘመን ለሆም ቲያትር ሌላ ሪሞት መግዛት ለምን ያስፈልጋል? በኤችዲኤምአይ ገመድ ኤአርሲ የሚል ጽሑፍ ካለበት የቲቪው ቀዳዳ ጋር አገናኚው፣ ከዚያ የቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ሲኢሲን፣ ማለትም ዕቃዎቹ በገመዱ እርስ በርስ እንዲተዛዘዙ የሚያደርገውን፣ አብሪው። ሶኒ ብራቪያ ሲንክ ይለዋል፣ ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ። ሦስቱም ያው ናቸው። ከዚያ በቲቪው ሪሞት የሆም ቲያትሩን ድምፅ ትጨምሪያለሽ፣ ቲቪውን ስታጠፊ እሱም አብሮ ይጠፋል። የግድ ሪሞት ካልሽ ደግሞ ሃርመኒ የሚባለውን ዩኒቨርሳል ሪሞት ፈልጊ፤ እኔ ጋ ስንት ዓመቱ፣ አንድ ቁልፍ ተጭኜ ሁሉም ይነሣል።

ማሂ ጎፋ፦
የኔ የቆየ ነው፤ ከጀርባው ቀይና ነጭ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ድምፁ የሚመጣው ከሪሲቨሩ በዚያ ገመድ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሃርመኒ እስኪመጣ ደግሞ…

አንዱዓለም ዲሲ፦
ሃርመኒ እኮ በ2021 ሎጂቴክ መሥራቱን አቁሟል። የያዘ ይዞታል፣ አዲስ ግን አትልፉ። ሰው አሁን ወደ ሶፋባተን እየሄደ ነው።

የፒያሳው ጠጋኝ፦
ጋሽ መሐንዲስ አረዘሙት እንጂ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ። ማሂ፣ ያስገባሻቸው ኮዶች የቲቪ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ሶኒ የሚለው ስም ከአንድ ቦታ በላይ አለ፤ ቲቪ ሥር አለ፣ ዲቪዲ ሥር አለ፣ ኦዲዮ ሥርም ሊኖር ይችላል። ዲስክ የሚበላ ሆም ቲያትር ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኦዲዮ ሥር ሳይሆን ዲቪዲ ሥር ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እኔ ጋ የሚመጣው ግማሹ ሪሞት ምንም አልሆነም።

ሪሞቱ አናት ላይ ቲቪ፣ ሳት (የሪሲቨር ማለት ነው)፣ ዲቪዲ፣ ኦክስ የሚሉ ቁልፎች አሉት? ካሉት መጀመሪያ ዲቪዲን ተጫኚ። ቀጥሎ ሴትአፕ የሚለውን ቀይዋ መብራት በርታ እስክትቀር ያዢው። ከዚያ ከዲቪዲው ዝርዝር 4 ቁጥሩን አስገቢ፤ መብራቷ ከጠፋች ተቀብሏል ማለት ነው። ከላይ አንድ ቁልፍ ብቻ ከሆነ ያለው ግን ሪሞትሽ የቲቪ ብቻ ነው። «ሁሉንም ይሠራል» ሲሉ ሁሉንም ቲቪ ማለታቸው ነው።

ቢኒ 07፦
ድንጋዩን ቀየርሽው?

ማሂ ጎፋ፦
አራቱም ቁልፎች አሉት! እየሞከርኩ ነው፣ ቆዩኝ።

ሩት 21፦
የባልዲውን ሪሞት ሩዝ ውስጥ ቅበሪው። ስልኬን ያተረፍኩት በዚህ ነው።

ቀዩ ሰይጣን፦
ሩዙን ለእንግዶቹ ይቀቀል።

የፒያሳው ጠጋኝ፦
ሩዙን ተዉት። ድንጋዩን አውጪና በቀጭን ቢላ ጠርዙን ከፍተሽ ለሁለት ክፈይው። ሰሌዳውንና የላስቲኩን ጥቁር ነጠብጣቦች በጥጥና በአልኮል ቀስ ብለሽ ጥረጊ፣ የሳሙና ውሃ ስለሆነ የደረቀው ሳሙና ነው የሚያስቸግረው። ነጠብጣቦቹን አትፈትጊ፣ ይላጣሉ። በደንብ ሲደርቅ ግጠሚው። መሥራቱን ለማየት የስልክሽን ካሜራ ከፍተሽ የሪሞቱን አፍንጫ ወደ ካሜራው አዙሪና ቁልፍ ተጫኚ፤ ወይን ጠጅ የመሰለ ብርሃን ብልጭ ካለ ሕይወት አለው። በፊት ለፊቱ ካሜራ ሞክሪ፤ አንዳንድ ስልክ የኋላው ካሜራ ያንን ብርሃን ያጣራዋል።

ማሂ ጎፋ፦
አጠፋው! ዲቪዲ ሥር ካሉት አንዱ አጠፋው፣ መልሶም አበራው። ግን አሁንም የኳሱ ድምፅ የለም። ማታ መብራት ሄዶ ከመጣ ጀምሮ ኤፍኤም ላይ ነው ያለው፣ ሹሹሹ ይላል። ሪሞቱ ደግሞ ከዚያ አያወጣውም።

የፒያሳው ጠጋኝ፦
ይኼን መጀመሪያ ብትነግሪን ምን ነበረበት? ስለዚህ ችግሩ የድምፅ ሳይሆን የመግቢያው ነው። መብራት ሲሄድ አንዳንዱ የነበረበትን ረስቶ በሌላ መግቢያ ይነሣል። ኳሱ የሚገባው በቀይና ነጩ ገመድ ነው፣ እሱ ደግሞ ኤፍኤም ላይ ተቀምጧል።

ሁለት መንገድ አለሽ። ማብራት ማጥፋት የሚችል ኮድ ሁሉ ሙሉ ኮድ አይደለም፤ ከዝርዝሩ ቀጣዩን እየሞከርሽ ሂጂ፣ ስትሞክሪ ግን ፓወርን ሳይሆን ድምፅንና መግቢያ የሚቀይረውን ፋንክሽንን እየተጫንሽ እዪው። ወረቀቱ ካለቀ ራሱ እንዲፈልግ አድርጊው፦ ዲቪዲ፣ ሴትአፕ፣ ከዚያ ፓወርን በየሁለት ሰከንዱ አንዴ፣ ሆም ቲያትሩ ሲጠፋ ወዲያው ሴትአፕን ተጫኚ። ከቸኮልሽ ኮዱ ያልፍሽና ከመጀመሪያው ነው።

ለዛሬ ግን የድሮ ልጅ የቀለደው ነው የሚያዋጣሽ። ዕቃው ፊት ላይ ወይም አናቱ ላይ ፋንክሽን ወይም ኢንፑት የሚል ቁልፍ ፈልጊ። በተጫንሽ ቁጥር ዲቪዲ፣ ኤፍኤም፣ ቲቪ እያለ ይዞራል። ቲቪ፣ ኦክስ ወይም ኦዲዮ ኢን ሲል አቁሚ።

የድሮ ልጅ፦
የቀለድኩ መስሏችሁ ነበር?

ሰሚራ አዳማ፦
ስልክሽ ሬድሚ ከሆነ አናቱ ላይ ትንሽ ጥቁር ዓይን ካለችው ሚ ሪሞት የሚለውን አፕ ክፈቺ። ብራንዱን መርጠሽ «ሠራ ወይ?» እያለ ራሱ ይሞክርልሻል። እኔ ሪሞት መግዛት ትቻለሁ፤ ችግሩ ስልክ ተደውሎልኝ ወጣ ስል ቤተሰቡ ያለ ሪሞት ይቀራል።

ቢኒ 07፦
ስለ ድንጋዩ ያልኩትን ማንም አልሰማኝም።

የፒያሳው ጠጋኝ፦
ቢኒ፣ ባትሰማህ ነው የሚሻላት። ርካሹ ሪሞት ድንጋዩ ሲወጣ ኮዱን ሊረሳ ይችላል። ማሂ፣ የሠራልሽን 4 ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ የድንጋዩ ክዳን ውስጥ ለጥፊው።

አንድ ነገር ደግሞ። ከኳሱ በኋላ የሆም ቲያትሩን ሞዴል ቁጥር ከጀርባው ፎቶ አንሽና ለእሱ ብቻ የተሠራ ምትክ ሪሞት ጠይቂ። ኦሪጅናል ባይሆንም ኮድ የሚባል ነገር የለውም፣ ድንጋይ አስገብቶ መጫን ነው። እኔን ከጠየቃችሁ ዩኒቨርሳል ለሦስትና ለአራት ዕቃ ነው እንጂ ለአንድ ሆም ቲያትር አይገዛም። ከገዛችሁም ለርን የሚል ቁልፍ ያለውን ግዙ፤ የጎረቤት ተመሳሳይ ሪሞት አፍ ለአፍ ገጥማችሁ አንድ በአንድ ትገለብጣላችሁ፣ ወረቀት አያስፈልግም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ቀይና ነጭ ገመድ በ… እሺ፣ ተውኩት።

ቀዩ ሰይጣን፦
4 ሰዓት ከሩብ ሆነ። ማሂ፣ ድምፅ አለ?

ደሴ ልጅ፦
ማሂ ኳሷን እያየች ከሆነ እኔ ልጠይቅ። የኔ ዩኒቨርሳል ቲቪውንም ዲቪዲውንም ይሠራል፤ ሪሲቨሩን ግን እምቢ ብሎኛል። ስሙ ወረቀቱ ላይ ጭራሽ የለም፣ የቻይና ነው። ኮዱ ስንት ነው?

የፒያሳው ጠጋኝ፦
የሪሲቨሩ የራሱ ሪሞት በእጅህ አለ?

ደሴ ልጅ፦
አለ፣ ግን የድምፅ ቁልፉ ተበልቷል። ሌላው ይሠራል።

የፒያሳው ጠጋኝ፦
እንግዲያው ኮድ አትፈልግ። ዩኒቨርሳልህ ለርን ካለው የሚሠሩትን ቁልፎች ሳት ላይ አስተምረው። ድምፁን ከሪሲቨሩ ሙሉ ላይ ተወውና በቲቪው ቁልፍ ጨምር ቀንስ።