የእናቴ አጥር መንገድ ውስጥ ይገባል ተባልን፤ ለኮብልስቶኑም ከፍለናል፤ ምን እናድርግ?

የማዕዘኑ ቤት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ ቤት ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ ከተማ ነው። አምና ሰፈርተኛው ኮሚቴ መርጦ ለኮብልስቶን ገንዘብ አዋጣ፤ ማዘጋጃ ቤቱም «የጎደለውን እኔ እሞላለሁ» አለ። ድርሻችንን ከፍለናል። መንገዱ 300 ሜትር ያህል ይሆናል፤ መዋጮው የተሰላው በ6 ሜትር ስፋት ነበር። ባለፈው ሳምንት ባለሙያዎች መጥተው «በፕላኑ ስፋቱ 10 ሜትር ነው» ብለው አጥራችን ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ። ከግቢያችን 2 ሜትር ይሄዳል፤ አጥሩና ማድቤቱ እዚያው ላይ ናቸው። ካርታ አለን። ማድቤቱ በኋላ የተሠራ ስለሆነ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው እናቴ አታስታውስም። በቃል «በ15 ቀን አንሱ» ስላሏት እንቅልፍ አጥታለች፤ አፍርሰን አዲሱን አጥር በብሎኬት ወደ ውስጥ እንሥራ ትላለች። እባካችሁ ምከሩን።

ሐምሌ
ወንድሜ፣ ምንም እንዳታፈርሱ! በቃል በተባለ ነገር ላይ አቤቱታ ማቅረብ አይቻልም። ነገ ሄደህ ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቅ፤ የደረሰህን ቀን ደብዳቤው ላይ አስጽፍ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(8) መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፍላል ይላል። ዝርዝሩ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ላይ አለ፤ ቅሬታ ያለው ሰው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ያቀርባል። ያቺ ቀን እንዳታልፍህ። አዲሱን አጥርም አሁን አትጀምሩ፤ ከማስለቀቂያ ትእዛዝ በኋላ ለተሠራ ነገር ካሳ አይከፈልም።

የላይ ሰፈር
የኔ ሐሳብ ይለያል። አባቴ በታመመ ሌሊት አምቡላንስ በኛ መንገድ መግባት አቅቶት በቃሬዛ ነው እስከ አስፋልት የወሰድነው። መንገድ ሲሰፋ የሚጠቀመው ሁሉም ነው። 2 ሜትር ቢሄድም ስጡ እላለሁ።

ቱምቢ
የላይ ሰፈር፣ ልክ ነህ፤ ግን የሚሰጥም በወረቀት ይስጥ። በፈቃዳቸው ቢለቁ እንኳ ካርታው በአዲሱ ስፋት ተስተካክሎ ይውጣ፤ ያለዚያ ነገ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ ካርታውና መሬቱ አይገጥሙም። ይሄን ነገር ስንት ቤት ላይ አይቻለሁ።

ሥራዬ ግንባታ ነው። ጠያቂ፣ ወደ ግንባታ ፈቃድ ክፍል ሂድና የቤቱን ማኅደር አስወጣ፤ ለቤቱ፣ ለአጥሩና ለማድቤቱ የተሰጠ ፈቃድ ካለ ኮፒ ውሰድ። ያለ ፈቃድ የተሠራው ላይ የካሳ ክርክር ይነሳል። ቀጥሎ የፕላን ስምምነት ጠይቅ፤ ፕላኑ ከመንገዱ መሐል እስከ እናንተ አጥር ስንት ሜትር እንደሚል የሚታየው እዚያ ነው። ቀለሙን በዓይን ግምት ሊሆን ይችላል የቀቡት፤ በሜትር ያስለኩ። አዲሱን አጥርና ማድቤት ስትሠሩም በሕንፃ አዋጁ መሠረት መጀመሪያ ከሕንፃ ሹሙ ፈቃድ ውሰዱ፤ ሁለተኛ እንዳይፈርስባችሁ።

የኮሚቴ ሰው
እኔ የማወራው ስለ ገንዘቡ ነው፤ በሰፈራችን ሁለት ዓመት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። 300 በ6 ማለት 1,800 ካሬ ነው፤ በ10 ከሆነ 3,000 ካሬ። ልዩነቱ 1,200 ካሬ ነው። ይህን ማን ይከፍላል? ኮሚቴያችሁ ዛሬውኑ ስብሰባ ይጥራ፤ ማዘጋጃ ቤቱ የሚሞላው ስንት እንደሆነ በደብዳቤ ይመልስ። የስብሰባው ቃለ ጉባኤና የመዋጮ ደረሰኞች አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጡ። ደግሞ 10 ሜትሩ በሙሉ ድንጋይ መሆን የለበትም፤ 6ቱ ኮብልስቶን፣ ቀሪው የውሃ መውረጃ ቦይና የእግረኛ መሄጃ ሊሆን ይችላል።

ቦዩ ግን ከድንጋዩ ይቅደም! እኛ ጋ ቦይ ሳይሠራ ኮብሉ ተነጠፈ፤ በአንድ ክረምት ሥሩ ያለው አሸዋ ታጥቦ ድንጋዩ ተፈነቃቀለ። የውሃ መስመርም የሚቀበር ካለ ከመነጠፉ በፊት ይቀበር።

አዲስ አባል
ለምን ከመንገድ ፈንድ አይጠይቁም?

የኮሚቴ ሰው
በ1989 በአዋጅ ቁጥር 66 የተቋቋመው ፈንድ ለጥገና ነው፤ ገንዘቡም በዋናነት ከነዳጅ ላይ ይሰበሰባል። ቀድሞ የተሠራ መንገድ ይጠገንበታል እንጂ አዲስ ኮብልስቶን አይነጠፍበትም። እሱን በመጠየቅ ጊዜ አታጥፉ።

የማዕዘኑ ቤት (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሄጄ ነበር። ደብዳቤው ተጽፎ ወጣ፤ የተቀበልኩበት ቀን ተጽፎበታል። ማኅደሩ ውስጥ የቤቱና የአጥሩ ፈቃድ ተገኘ፤ የማድቤቱ የለም። የፕላን ስምምነት ማመልከቻም አስገባሁ፤ ሐሙስ መጥተው በሜትር ይለካሉ። እናቴን ሳነብላት «ለመንገዱማ እሰጣለሁ፣ ካርታዬ ይስተካከልልኝ እንጂ» አለች። ለአጥሩ ካሳ ማመልከቻዬን እየጻፍኩ ነው፤ ማድቤቱን ብቻዬን አልወስንም። ሐምሌ፣ ማመልከቻው ላይ ማድቤቱንም አብሬ ልጥቀሰው ወይስ ለብቻ?

ሐምሌ
አብረህ ጥቀሰው፤ መቼ እንደተሠራ፣ በምን እንደተሠራ፣ የመብራት ቆጣሪ ወይም ሌላ የሚያሳይ ወረቀት ካለ አያይዝ። የሚከፈልና የማይከፈል ነው የሚሉት እነሱ ናቸው፤ አንተ ከወዲሁ አትተወው። እናታችንን አይዞዎት በልልኝ።