የዕቅድ ውይይት፦ የሜታቦሊዝም (ሰውነት ምግብን ፈጭቶ የሚጠቀምበት ሂደት) ሕመም በዘር ለወረሱ አዋቂዎች የሰመመን አሰጣጥ የጋራ ምክረ ሐሳብ

ከአርቃቂ ቡድኑ አባል፦

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣ ረቂቁ ስለ መድኃኒት ምርጫ በሰፊው ሲያትት ከቀዶ ሕክምና በፊት ስላለው የጾም ሰዓት የሚናገረው በአንድ መስመር ብቻ መሆኑ ያሳስበኛል። ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ፈሳሽ 2 ሰዓት የሚለው ደንብ ተራ ሲዘገይ ሙሉ ቀን ሊሆን ይችላል። የዩሪያ ዑደት ጉድለት ያለበት፣ ማለትም ከፕሮቲን የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ በሚገባ ማስወገድ የማይችል ሰው በዚህ ጊዜ የገዛ ፕሮቲኑን ማፍረስ ይጀምራል፣ አሞኒያውም ይከማቻል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አልነቃ ሲልም የሰመመኑ ርዝራዥ ነው ብለን ልንዘናጋ እንችላለን። በፖርፊሪያም (ሄም የተባለው የደም ንጥረ ነገር በሚሠራበት ሂደት ላይ ባለ ጉድለት የሚመጣ ሕመም) ቢሆን ሕመሙን የሚቀሰቅሰውን የሰመመን መድኃኒት ቲዮፔንታልን መተው ብቻውን አይበቃም፤ ረሃቡ ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ሕመምተኛው የዕለቱ የመጀመሪያ ተራ እንዲሰጠው፣ ምግብ ካቆመበት ሰዓት ጀምሮም 10 በመቶ ዴክስትሮዝ (የግሉኮስ ፈሳሽ) ከኤሌክትሮላይት (ጨዎች) ጋር በደም ሥሩ እንዲገባለት በግልጽ ይጻፍ።

ከጽኑ ሕሙማን ክፍል አባል፦

ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ሆኖም «ለሁሉም» በሚል ቃል እንዳይወጣ አደራ እላለሁ። ግሉኮስን ወደ ኃይል ለመቀየር የሚያስፈልገው ኢንዛይም፣ የፓይሩቬት ዲሃይድሮጅኔዝ፣ ጉድለት ላለበት ሰው ብዙ ግሉኮስ መስጠት በደሙ ያለውን ላክቴት (የላክቲክ አሲድ መጠን) ከፍ ያደርገዋል። ሆሞሲስቲኑሪያ (ሆሞሲስቲን የተባለ አሚኖ አሲድ በደም የሚከማችበት ሕመም) ላለበት ደግሞ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው የሰመመን ጋዝ መከልከሉ፣ ጋዙ ቫይታሚን ቢ12ን ከሥራ ውጭ ከማድረጉ ጋር ተያይዞ ይብራራ፤ ምክንያቱን ያልተረዳ ባለሙያ ክልከላውን በጥድፊያ ሰዓት ይረሳዋል።

ከላቦራቶሪ አባል፦

የአሞኒያ ናሙና በበረዶ ላይ ሆኖ ወዲያውኑ ካልደረሰን ውጤቱ ከፍ ብሎ ያሳስታል፤ ይህም በሰነዱ ይካተት። ከዚህም በላይ የሚያስጨንቀኝ ሕመሙ ያልታወቀለት አዋቂ ነው። ፕሮቲን ስለማይስማማው ከልጅነቱ ጀምሮ ሥጋና ወተት የሚሸሽ ሰው፣ የጾም ወራት በበዙበት አገራችን፣ ከማንም ላይለይ ይችላል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመ የሰነበተ ከሆነ ደግሞ ለቀዶ ሕክምና የሚመጣው አስቀድሞ ተዳክሞ ነው።

ከአርቃቂ ቡድኑ አባል፦

ሁለቱንም ማሻሻያዎች ተቀብያለሁ። የፈሳሹ ዓይነት በየሕመሙ ተለይቶ ይሰፍራል። በቅድመ ሰመመን ምርመራው ቅጽም «ሥጋ ወይም ወተት ሲወስዱ ሕመም ይሰማዎታል? በቤተሰብዎ ምክንያቱ ሳይታወቅ ራሱን ስቶ የሞተ ሕፃን ነበር?» የሚሉ ጥያቄዎች እንዲገቡ አቀርባለሁ፤ በአነጋገሩ ላይ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።