ጃታማንሲ፣ ባልቻር፣ ሱንቡል፦ ሦስቱም ናርዶስ ናቸው ወይ?

የናርዶስ እናት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሻርጃ ነው የምኖረው። ሥራዬ በፈረቃ ስለሆነ እንቅልፌ ከተበላሸ ወራት አለፈው። ጎረቤቴ የህንድ ኬራላ ሴት ናት፣ በዕድሜ ስለምትበልጠን እንደነሱ ወግ "ቼቺ" ነው የምንላት፣ ታላቅ እህት ማለት ነው። አንድ ቀን ዓይኔን አይታ "ጃታማንሲ ግዢ፣ በወተት ጠጪው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው ናርዶስ እኮ ነው" አለችኝ። የልጄ ስም ናርዶስ ስለሆነ ደስ ብሎኝ በዚያው ቀን ሱቅ ወጣሁ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የህንዱ ሱቅ "ጃታማንሲ ነው" ብሎ የታሸገ ዱቄት ሰጠኝ። ፓኪስታናዊው ቅመም ሻጭ ስሙን ስነግረው "ባልቻር ማለትሽ ነው" ብሎ ጸጉር የበቀለበት ጣት የሚመስል ጠቆር ያለ ሥር አወጣ። ከሱ አጠገብ ያለው ደግሞ "ሱንቡል ነው" ብሎ ሌላ ሥር አሳየኝ፣ ያኛው ግን ቀጫጭንና ፈዘዝ ያለ ነው፣ ጸጉር የሚባል ነገር የለውም። ዱቄቱ እሽግ ላይ ደግሞ የሳንስክሪት ስም ተደርድሯል፦ ታፓስቪኒ፣ ጃቲላ፣ ቡታጃታ፣ ናላዳ። አንድ ዕፅ ነው አምስት?

ትናንት ማታ ከዱቄቱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በወተት ጠጣሁ። የአለርጂ ክኒኔንም ውጬ ነበር። ጠዋት ስልኬ ሦስት ጊዜ ጮሆ አልሰማሁም፣ ሥራ አርፍጄ ገባሁ፣ ቀኑን ሙሉ ራሴ ከባድ ነበር። ልቀጥል ወይስ ልተወው? እውነት ናርዶስስ ነው?

የሸገር ልጅ
ናርዶስ ጠጅ ሳር ነው ባክሽ። እናቴ ጓሮ ሞልቷል፣ ለምን ብር ታወጫለሽ።

ፑኔ የተማረው
ወንድሜ፣ አይደለም፤ የተሳሳትከው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ከጠጅ ሳር ወገን የሆነ፣ ሲትሮኔላ የሚባለው ዘይት የሚወጣበት ሳር በሳይንስ ስሙ "ሲምቦፖጎን ናርዱስ" ይባላል። ስሙ ናርዶስን ይመስላል እንጂ ሳሩ የሎሚ ሽታ ያለው ሌላ ነገር ነው።

እህቴ፣ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ህንድ አራት ዓመት ስማር የክፍል ጓደኛዬ የአዩርቬዳ፣ ማለትም የህንድ ባህላዊ ሕክምና፣ ሐኪም ልጅ ነበር፣ ስለ ስሞቹ የገባኝን ያህል ልንገርሽ። በሳንስክሪት አንድ ዕፅ አንድ ስም ብቻ የለውም። ድሮ የመድኃኒት ዕፆችን ስም የሚዘረዝሩ "ኒጋንቱ" የሚባሉ መጻሕፍት ነበሩ፣ በግጥም የተጻፉ፣ ተማሪው በቃሉ የሚይዛቸው። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ስም ስለ ዕፁ አንድ ነገር ይናገራል፣ መልኩን ወይ ሽታውን ወይ ሥራውን።

"ጃታ" ማለት ተጠላልፎ የተያያዘ ጸጉር ነው፣ በዛሬ ቋንቋ ድሬድ። ሺቫ የሚባለው አምላካቸው ሥዕል ላይ ያለው ዓይነት። "ማምሳ" ደግሞ ሥጋ ነው። ስለዚህ ጃታማንሲ ብትይ ጸጉሩ የተጠላለፈ ሥጋማ ነገር ማለት ነው፣ ፓኪስታናዊው ያሳየሽን ሥር አስታውሺውና ስሙ ቁጭ ይልልሻል። "ጃቲላ" ያው ጸጉሯ የተጠላለፈ ማለት ነው። "ቡታጃታ" የመንፈስ ጸጉር። እኔ የምወደው "ታፓስቪኒ"ን ነው፦ ባሕታዊት! ጸጉሯን ሳታበጥር ከሰው ርቃ ተራራ ላይ የተቀመጠች። ለእኛ አገር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፣ ዋልድባ የሄደ ያውቀዋል። ዕፁም እንደ ባሕታዊት ነው፣ የሚበቅለው ሂማላያ ላይ ከ3,000 እስከ 5,000 ሜትር ከፍታ ነው፣ የላይኛው ጫፍ ከራስ ዳሽን ይበልጣል።

አስቸጋሪው "ናላዳ" ነው። አንዳንድ መጽሐፍ ውስጥ ናላዳ ሲል ጃታማንሲን ነው። አማራኮሻ የሚባለው የታወቀ የቃላት መጽሐፍ ግን ናላዳን የ"ኡሺራ" ስም አድርጎ ያስቀምጠዋል። ኡሺራ ቬቲቨር ነው፣ እኛ አገር ለአፈር ጥበቃ የሚተከለው ሳር! ሥሩ እሱም ይሸታል። ስለዚህ እሽግ ላይ ናላዳ የሚል ብቻ ብታገኚ አትግዢ፣ የትኛው እንደሆነ ስሙ አይነግርሽም።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ
የቼቺ ነገር እውነት ነው። ናርዶስ የሚለው ወደ እኛ የመጣው ከግሪኩ ነው፣ ግሪኩ ከሴም ቋንቋዎች፣ ዕብራይስጡ "ኔርድ" ይለዋል፣ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ደግሞ መነሻው ያው ሳንስክሪቱ "ናላዳ" ነው ይላሉ። ስለዚህ የልጅሽ ስም ከሂማላያ ተነሥቶ ነው የመጣው፣ አያስደስትም?

መኃልየ መኃልይ 1፥12 ላይ አለ። ማርቆስ 14 እና ዮሐንስ 12 ላይ ደግሞ ያቺ ሴት የአልባስጥሮሱን ሽቱ ስታፈስ "ከ300 ዲናር በላይ በተሸጠ ነበር" ብለው ያጉረመረሙበት ነው። ማቴዎስ 20 ላይ አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ ደሞዝ እንደሆነ ስታስቢ ዋጋው የአንድ ዓመት ደሞዝ ገደማ ይሆናል። ቢያጉረመርሙ ምን ይገርማል፣ ከሂማላያ በእንስሳ ጀርባ፣ ከዚያ በጋንጅስ ወይ በምዕራብ ህንድ ወደቦች በመርከብ ነው የሚመጣው።

ግን ሽቱ ስለተባለ ጽጌረዳ አትጠብቂ። እኔ ደረቁን ሥር ሳሸተው ደነገጥኩ። እርጥብ አፈር፣ ትንሽ ደግሞ ተለብሶ የከረመ ካልሲ። ይቅር በሉኝ።

ነርስ እሙዬ
ሃሃሃ ካልሲው እውነት ነው፣ ቫለሪያን ከሚባለው ሥሩ ለእንቅልፍ ከሚወሰድ ዕፅ ጋር ዘመድ ስለሆነ ነው። ሱንቡል ብሎ ያሳየሽ ቀጭኑ ሥር ራሱ ቫለሪያን ሊሆን ይችላል፣ አረቦቹ ሁለቱንም "ሱንቡል" ሲሉ ሰምቻለሁ። ናርዶሱን ሲለዩት "ሱንቡል ሂንዲ" ይሉታል።

አሁን ቁም ነገሩ። ከአለርጂ ክኒን ጋር ነው የወሰድሽው። አንዳንዱ የአለርጂ ክኒን፣ በተለይ የድሮዎቹ፣ ራሱ እንቅልፍ ያመጣል። ጃታማንሲም ሰውነትን ያረጋጋል ተብሎ ነው የሚወሰደው። ሁለቱ ሲደራረቡ ነው ስልክሽን ያልሰማሽው፣ እኔ እንደዛ ነው የምጠረጥረው። ከእንቅልፍ ክኒን፣ ከጭንቀት መድኃኒትና ከአልኮል ጋርም አይሆንም። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። እርጉዝ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ጭራሽ አትንኪው፣ ለሕፃን ደህና ነው የሚያስብል በቂ ጥናት የለም። መኪና የምትነጂ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ላይ ተጠንቀቂ የኔ እመቤት።

እንደኔ ለጊዜው አቁሚው፣ የክኒንሽን ስም ይዘሽ ፋርማሲ ጠይቂ። የፈረቃ ሠራተኛ ስለሆንሽ ቀን ስትተኚ ክፍሉን ማጨለም፣ ሥራሽ ሊያልቅ ሲል ቡና መተው፣ እነዚህም ከዱቄት ያልተናነሰ ይሠራሉ። (ቡና ተዪ ማለት ለሐበሻ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።)

ፑኔ የተማረው
እሙዬ ያለችው ላይ አንድ ልጨምር። የአዩርቬዳ ስለሆነ ንጹሕ ነው ብለሽ አትመኚ። በ2008 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡ 193 የአዩርቬዳ ምርቶችን መርምሮ ከአምስት አንዱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይ አርሴኒክ አግኝቷል። ሆን ተብሎ ብረት የሚጨመርባቸው የአዩርቬዳ መድኃኒቶችም አሉ። ያልተቀላቀለ ሥር መግዛት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ቅመም ተራ
ሥራዬ ቅመም ነው፣ እንዴት እንደምትለዪው ልንገርሽ። ዱቄት አትግዢ። ዱቄት ከሆነ እኔም አልለየውም። ሙሉውን ሥር ግዢ። ጃታማንሲ ከሆነ የትንሿን ጣት ያህል ነው፣ ላዩ ቀይ ቡናማ ቃጫ ለብሶ፣ ልክ የበቆሎ ጸጉር ደርቆ እንደተጠቀለለ። ቃጫውን በጣትሽ ስታሺው ሽታው እጅሽ ላይ ይቀራል፣ ታጥበሽም አይለቅም። ጸጉሩ ከሌለው ወይ ሽታው ደካማ ከሆነ ተዪው። ህንድ ገበያ ላይ "ሴሊነም" የሚባል የሌላ ዕፅ ሥር በሱ ስም ይሸጣል፣ መልኩ ይመስላል።

እሽግ ከሆነ ደግሞ የሳይንስ ስሙን ፈልጊ፦ ናርዶስታኪስ ጃታማንሲ። "ስታኪስ" በግሪክ የእህል ዛላ ነው፣ "ሱንቡል"ም በአረብኛ ያው ዛላ ነው፣ ሁሉም የሥሩን መልክ አይተው ነው የሰየሙት።

ዋጋው ርካሽ ከሆነ ጠርጥሪ። ሥሩን ነቅለው ስለሚወስዱ ዕፁ ይሞታል፣ እንደገና እስኪያድግ ዓመታት ይፈጃል፣ ብዙው ከኔፓል ተራሮች ነው የሚመጣው። አሁን በዓለም የመጥፋት አደጋ መዝገብ ላይ ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት ደረጃ ነው ያለው፣ ንግዱም ከ1997 ጀምሮ ሳይቴስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ስለዚህ በኪሎ የሚቸረችር ካየሽ ጥያቄ ጠይቂ። እኔ ራሴ ማምጣት ትቻለሁ።

የናርዶስ እናት (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ፋርማሲ ሄጄ ጠየቅሁ፣ ክኒኔ ከድሮዎቹ ነው፣ እንቅልፍ የማያመጣ ቀየሩልኝ። ዱቄቱን አቁሜያለሁ። እሽጉን ገልብጬ ሳየው የሳይንስ ስም የሚባል የለበትም፣ በትልቁ የተጻፈው "ናላዳ" ነው፣ ስለዚህ ቬቲቨር ጠጥቼም ይሆናል ማን ያውቃል።

ቼቺን ስነግራት ሳቀችብኝ፣ እሷ ለካ የምትጠቀመው በሰሊጥ ዘይት አፍልታ ለጸጉር ነው፣ የወተቱ ነገር የአማቷ ነው። ለጸጉር ብቀባው ችግር አለው?

ነርስ እሙዬ
መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ትንሽ ቀብተሽ አንድ ቀን ጠብቂ፣ ካላሳከከሽ ቀቢው። ጸጉር ያበቅላል የሚሉት ላይ ግን በሰው ላይ የተሠራ ጠንካራ ማስረጃ ስለሌለ ብዙ አትጠብቂ። ትራስሽ ላይ ደግሞ አሮጌ ጨርቅ አንጥፊ፣ ሽታው አይለቅም።