ባለ 12 ጫማ ትራምፖሊን ግቢ ውስጥ ለመግጠም ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የማርቆስ ግቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 12 ጫማ ትራምፖሊን (የልጆች መዝለያ) ከነመረቡ በካርቶን እንደታሸገ ከአዲስ አበባ ተልኮልናል። ግቢው ደብረ ማርቆስ ነው። መሬቱ ዋልካ ነው፣ ወደ አንድ ጎንም ትንሽ ያዘቀዝቃል። ሁለት ሰዎች ነን፤ ቁልፍ፣ ካቻቢቴና የጎማ መዶሻ አለን። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ብንጀምር እስከ ምሳ ያልቃል? ወይስ ገጣሚ መጥራት ይሻላል?

ጣና ዳር፦
ገጣሚ አያስፈልገውም። ብየዳ የለው፣ መብሳት የለው። ለሁለት ሰው ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ብቻውን ለሚገጥም ግን 5 ሰዓት ቢደርስም አይገርምም፣ ምክንያቱም የብረቱን ክብ አንዱ ካልያዘ ሌላው ሲያስገባ ይወላለቃል።

ጊዜው እንዲህ ይከፋፈላል። ካርቶኑን ፈትቶ ዕቃውን መቁጠር ግማሽ ሰዓት። እግርና ክብ ብረቱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። የሚዘለልበትን ጨርቅ በሞላ (ስፕሪንግ) መወጠር አንድ ሰዓት ገደማ። ቋሚዎቹና መረቡ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። የሞላ መሸፈኛው ስፖንጅ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም።

ቆጠራውን አትዝለሉት። ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ በየዓይነቱ ለይታችሁ ሳህን ላይ አድርጉ፤ ሣር ውስጥ የወደቀ ዳዶ ፍለጋ ከመግጠሙ በላይ ጊዜ ይበላል። ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስገቧቸው። ክቡ ከተዘጋና ጨርቁ ከተወጠረ በኋላ ነው በቁልፍ የሚጠብቁት። ቀድሞ የጠበቀ ከሆነ የመጨረሻው ቱቦ ከማያያዣው ጋር አይገናኝም፣ ያኔ መዶሻ ይነሣል፣ የቱቦው አፍ ይጣመማል፣ ከዚያ ወዲያ ወገቤን ነው።

ባለ ቁልፍ፦
ጣና ዳር ያለው ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ሞላው ነው። ሰዓት የሚያስረዝመው እሱ ነው።

ሞላውን ከአንድ ቦታ ጀምራችሁ ተራ በተራ እየዞራችሁ እንዳትሰኩ! ጨርቁ ወደ አንድ ወገን ይሳባል፣ ክቡ እንቁላል ይመስላል፣ የመጨረሻዎቹን አሥር ሞላዎች ሁለት ጎረምሳ ቢጎትትም አይደርሱም። ባለ 12 ጫማ ብዙ ጊዜ 72 ሞላ አለው (የእናንተው ሊለይ ስለሚችል ቁጠሩት)። በ72 እንሂድ፦ ከብረቱ ቀዳዳ አንዱን 1 በሉትና በኖራ ወይም በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ከጨርቁ ዳር ካሉት ባለ ሦስት ማዕዘን ቀለበቶችም አንዱን 1 በሉት። መጀመሪያ 1፣ 19፣ 37 እና 55 ላይ ስኩ፤ ግን 1 ቀጥሎ ፊት ለፊቱ 37፣ ከዚያ 19ና 55። ቀጥሎ መካከላቸውን፦ 10፣ 28፣ 46፣ 64። አሁን 8 ሞላ ገብቷል፣ በየመካከሉም 8 ባዶ ቀዳዳ ይቀራል። የቀረውንም አንዱን እዚህ፣ አንዱን ፊት ለፊት እያላችሁ ሙሉት።

አንዱ ክፍል ላይ 8 ቀዳዳ ኖሮ 7 ቀለበት ከተረፈ አንዱ ቦታ ላይ ተዘልሏል ማለት ነው። በግድ አትጎትቱ። ወደ ቅርቡ ምልክት ተመልሳችሁ ቁጠሩ። 70ኛው ላይ ከመድረሱ በፊት የተገኘ ስሕተት ብዙ አያስፈታም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። የሞላው መንጠቆ ከላይ ወደ ብረቱ ቀዳዳ ይገባል፣ ጫፉ ወደ ታች ይሁን፤ ወደ ላይ ከቀረ ስፖንጁን ይቀደዋል፣ የልጅ እግርንም። ሁለተኛ፣ ለመጎተት ካርቶኑ ውስጥ ባለ እጀታ መንጠቆ ይኖራል፣ በእሱ ተጠቀሙ። በካቻቢቴ ማንሣት ግን ይቅር፤ ሲያመልጥ ወደ ፊታችሁ ነው የሚፈናጠረው። የቆዳ ጓንት ያስፈልጋል። መንጠቆው ከጠፋ አንድ ትርፍ ሞላ አያይዞ በእሱ መጎተት ይቻላል።

ዳሞት፦
ከዚህ ሁሉ በፊት መሬቱ። ለዚህ ሌላ አንድ ሰዓት ያዙ፣ እንዲያውም ከቅዳሜ በፊት ሥሩት። በዝቅተኛው በኩል ድንጋይ እየደረደራችሁ እግሩን ከፍ አታድርጉ፤ ልጅ ሲዘል ይንሸራተታል። ይልቅ ከፍ ያለውን ወገን ቆፍራችሁ እግሮቹን ወደ ዝቅተኛው ልክ አውርዷቸው። ውሃ ልክ ካለ ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ አድርጋችሁ ለኩ።

ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ይረጥባል፤ ስለዚህ የእግሩ መቀመጫ ሥር ሰፋ ያለ የጣውላ ቁራጭ አድርጉ፣ አለዚያ ሐምሌ ላይ አንዱ እግር ሰምጦ ሁሉም ይጣመማል። በአራቱም በኩል ባለ 10 ሚሊሜትር ፌሮ እንደ ዩ ተጣጥፎ፣ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ወደ መሬት የሚገባ፣ ከመቀመጫው ቱቦ ላይ ይመታ። ማንኛውም ብየዳ ቤት አጥፎ ይሰጣችኋል። የግንቦት ነፋስ ከዝናቡ በፊት ሲነሣ መረቡ እንደ ሸራ ይይዘዋል፣ ክብደቱ ብቻውን አያስቀምጠውም።

ቦታውን ደግሞ ለኩ። የ12 ጫማው ስፋት 3.66 ሜትር ነው፤ በየዙሪያው 2 ሜትር ባዶ ሲጨመር ቢያንስ 7.7 ሜትር በ7.7 ሜትር ነው። የቆርቆሮ አጥር፣ የልብስ ገመድና ከመንገድ ወደ ቤት የገባ የመብራት ሽቦ ከዚህ ውጭ ይሁኑ። ወደ ላይም 7 ሜትር ያህል ነጻ ይሁን፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ይቆረጥ።

ጣና ዳር፦
ዳሞት ያለው ላይ፦ መረቡን ከመግጠማችሁ በፊት ክቡ በእውነት ክብ መሆኑን በሜትር አረጋግጡ። ሁለት አቅጣጫ ለኩ፣ ልዩነቱ ከ1 ሳንቲሜትር ካለፈ አንዱ ቱቦ ማያያዣው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልገባም። በጎማ መዶሻ በቀስታ መታ መታ አድርጉት። ዚፕ ያለው በር በሁለት ቋሚዎች መካከል ይሁን፣ ሜዳው ላይ እንጂ ተዳፋቱ በኩል አይሁን። የመረቡ ታችኛ ጠርዝ ከጨርቁ ቀለበቶች ጋር የሚታሰር ዓይነት ከሆነ ስፖንጁ ቀድሞ ይነጠፍ።

የደጋ ፀሐይ ናይለን አይምርም። ማርቆስ ከፍታው ላይ ስለሆነ መረቡና ስፖንጁ ቀድመው ነው የሚደርቁት፤ በየወሩ መረቡን በጣት ስበው ይሞክሩት። ክር ከተሰበረ ይቀየር። ክረምት ላይ ማንም የማይዘልበት ከሆነ ስፖንጁንና መረቡን አውርዳችሁ ቤት አስገቡ፣ ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል።

የማርቆስ ግቢ፦
እጅግ እናመሰግናለን። አንድ ነገር፦ ዛሬ ስንቆጥረው 72 ቀዳዳ ነው፣ ሞላው ግን 70 ብቻ። የሞተር ሳይክል ሞላ እዚህ ገበያ ላይ አለ፣ ይሆናል?

ባለ ቁልፍ፦
አይሆንም። የሞተሩ ሞላ የሚገፋ ነው፣ የትራምፖሊኑ ደግሞ የሚጎተት። ከእነዚያ 70 አንዱን ሳይጎተት ከመንጠቆ ጫፍ እስከ መንጠቆ ጫፍ በሚሊሜትር ለኩና ያንኑ ቁጥር ለሻጩ ላኩ፤ ግማሽ ሳንቲሜትር ቢለይ ጨርቁ እኩል አይወጠርም። እስኪመጣ በ70ው መግጠም ትችላላችሁ፤ ባዶዎቹን ፊት ለፊት አድርጓቸው፣ ለምሳሌ 5ና 41፣ ጎን ለጎን ግን በፍጹም አይሁኑ። ልጆቹ የሚወጡት ሁለቱ ከገቡ በኋላ ነው፤ ያኔም አንድ በአንድ፣ ከ6 ዓመት በታች ያሉት ደግሞ አይውጡ።