የሽርሽር መርከብን ዝግ ክፍሎች መጎብኘት፦ ምን ይታያል? እንዴትስ መዘጋጀት ይገባል?

ጥያቄ፤ ከመንገደኛው

የተከበራችሁ አባላት፣ ከባለቤቴ፣ ከእናቴና ከ14 ዓመት ልጃችን ጋር ክሩዝ በሚባለው ትልቅ የሽርሽር መርከብ ለመጓዝ ቦታ ይዘናል። መርከቡ ተጨማሪ ክፍያ ለሚከፍሉ መንገደኞች የሚያዘጋጀው ጉብኝት እንዳለና በዚያም ለሌላው ተሳፋሪ ዝግ የሆኑት ማዕድ ቤቱ፣ መጋዘኑ፣ የልብስ ማጠቢያው፣ የሞተር መቆጣጠሪያውና ብሪጅ የሚባለው የማዘዣ ክፍል እንደሚታዩ አንብቤአለሁ። ክፍያው ቀላል ስላልሆነ ከመወሰኔ በፊት ልምድ ያላችሁን ልጠይቅ ወደድሁ። እኔን በይበልጥ የሚያጓጓኝ ሞተሩ ነው፤ በእርግጥ ከአጠገቡ መቆም ይቻላልን? ልጃችንስ ይፈቀድለታልን? እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ መውጣትና መውረድ ይከብዳታል። ፎቶ ማንሳትን በሚመለከትም የምታውቁትን ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፤ ከባሕር ወዳድ

ወንድሜ፣ ጉብኝቱን ስላየሁት የማውቀውን ልንገርዎ። ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው መርከቡ ወደብ በማይገባበት ቀን ሲሆን፣ ቡድኑ ትንሽ ነው፤ ጊዜውም ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ቦታው ቶሎ ስለሚያልቅ ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት፣ ያ ካልተቻለም በተሳፈሩበት ቀን ወዲያውኑ መመዝገብ ይሻላል። የአየሩ ጠባይ ሲከፋ ወይም የመርከቡ አዛዥ ሲያዝዝ አንዳንዱ ክፍል ሊቀር፣ ጉብኝቱም በሞላ ሊሰረዝ እንደሚችል አስቀድመው ይወቁት፤ በዚያን ጊዜ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ ሲመዘገቡ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ፍተሻው ጥብቅ ነው። የመርከቦችንና የወደቦችን ጸጥታ የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ አይኤስፒኤስ የሚባለው፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ስለዋለ የማዘዣውና የሞተሩ ክፍሎች የተከለሉ ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ መታወቂያ ይታያል፣ ሰውነት በመሣሪያ ይፈተሻል፣ የኃላፊነት ሰነድ ላይ ይፈረማል፤ ቦርሳ ይዞ መግባትም ብዙውን ጊዜ አይፈቀድም። ስልክና ካሜራ በብዙ መርከቦች ላይ ጨርሶ ይከለከላሉ፤ በሌሎች ላይ አስጎብኚው በፈቀደባቸው ክፍሎች ብቻ ማንሳት ይቻላል። ለማስታወሻ ያህል መርከቡ ራሱ የቡድን ፎቶ የሚያነሳበት ጊዜም አለ።

ሞተሩን በተመለከተ እውነቱን መናገር ይሻላል፦ በአብዛኛው የሚገቡት ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል እንጂ ሞተሮቹ ወዳሉበት አዳራሽ አይደለም። አዳራሹ እጅግ ይሞቃል፣ ጩኸቱ ያለ ጆሮ መከላከያ አይቻልም፣ በድንገት አደጋ ቢነሣም እንግዶችን ማስወጣት አስቸጋሪ ነው።

መልስ፤ ከቀድሞ የመርከብ መሐንዲስ

ባሕር ወዳድ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው በዚህ ምክንያት ጉብኝቱን እንዳይተዉት እለምናቸዋለሁ፤ ምክንያቱም የማሽኑን አሠራር ለመረዳት ከአዳራሹ ይልቅ መቆጣጠሪያው ክፍል ይበልጣል። በአዳራሹ ውስጥ የሚታየው በቀለም የተቀባ ብረትና በመከላከያ የተጠቀለለ ቧንቧ ነው፤ በመቆጣጠሪያው ስክሪን ላይ ግን መርከቡ በዚያች ደቂቃ የሚሠራው ሁሉ ይነበባል።

በዛሬዎቹ ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች አብዛኞቹ ላይ ሞተሩ ፕሮፔለሩን፣ ማለት በውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ መርከቡን የሚገፋውን ምላጭ፣ በቀጥታ አያዞረውም። የናፍጣ ወይም የጋዝ ሞተሮች ጀነሬተሮችን አንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ ያ ኤሌክትሪክ መርከቡን የሚነዱትን የኤሌክትሪክ ሞተሮች፣ የካቢኖቹን መብራት፣ የአየር ማቀዝቀዣውንና ማዕድ ቤቱን ሁሉ ይመግባል። ስለዚህ ከስክሪኑ ፊት ሲቆሙ በመጀመሪያ የሚመለከቱት ስንት ጀነሬተሮች እየሠሩ እንደሆነና እያንዳንዳቸው ስንት ሜጋዋት እንደሚሰጡ ይሁን። ቀጥለውም ከጠቅላላው ኃይል ምን ያህሉ ለጉዞ፣ ምን ያህሉ ለመንገደኛው ምቾት እንደሚውል ተረኛውን መሐንዲስ ይጠይቁት። ያን ጥያቄ የሰማ መሐንዲስ ፊቱ ይበራል፤ ከዚያ በኋላ ሳይጠየቅ ብዙ ይነግርዎታል።

ፍጥነትንም አይርሱ። መርከብ ፍጥነቱን በእጥፍ ለመጨመር የሚያስፈልገው ኃይል ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። ሌሊቱን በዝግታ የሚጓዝ መርከብ ነዳጅ እየቆጠበ ነው፤ ከወደብ ዘግይቶ የተነሣ መርከብ ያለፈውን ሰዓት ለማካካስ ብዙ ነዳጅ የሚከፍለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአንዳንድ መርከቦች ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ከመርከቡ በታች በተንጠለጠለ፣ ዙሪያውን በሚሽከረከር አካል ውስጥ ነው፤ አዚፖድ ይባላል። ኢሌሽን የተባለችው መርከብ በ1998 እ.ኤ.አ. ይዛው ሥራ ከጀመረች ወዲህ በሽርሽር መርከቦች ላይ ተስፋፍቷል። እንዲህ ያለው መርከብ በስተኋላ መሪ ሳንቃ አያስፈልገውም፤ ፕሮፔለሩ ራሱ ዞሮ ይመራዋል።

ስለ ውኃም ይጠይቁ። ለመታጠቢያና ለመጠጥ የሚውለው ውኃ ከፍ ያለው ድርሻ በብዙ መርከቦች ላይ ከባሕሩ የሚጣራ ነው። አንዱ መንገድ ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለት የባሕሩን ውኃ ጨው በማያሳልፍ ስስ ማጣሪያ በኩል በግፊት ማሳለፍ ሲሆን፣ ሌላው ከሞተሩ የሚወጣውን ሙቀት ተጠቅሞ ውኃውን ማትነን ነው። በመሣሪያው ውስጥ የአየሩ ግፊት እንዲቀንስ ስለሚደረግ ውኃው ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እጅግ ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ ስለዚህ ሊባክን የነበረው ሙቀት ለዚህ ሥራ ይበቃል። እኔ ለብዙ ዘመን ከሠራሁባቸው ማሽኖች ሁሉ ይህን አብልጬ አከብረዋለሁ።

መልስ፤ ከማዕድ ቤት ሠራተኛ

ጠያቂው ለሞተሩ ያላቸውን ጉጉት አከብራለሁ፤ ቢሆንም የምግቡን መንገድ በቀላሉ እንዳያልፉት። በመርከብ ማዕድ ቤት ውስጥ የሚያስደንቀው የድስቱ ትልቅነት ሳይሆን ጥሬውና የበሰለው እንዳይገናኙ የሚደረገው ጥንቃቄ ነው። ሥጋ፣ ዓሣና አትክልት የሚዘጋጁት በየራሳቸው ክፍል ነው፤ መክተፊያዎቹም በቀለም የተለዩ ናቸው። የበረደው ሥጋ የሚቀልጠው በጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ለዚሁ በተለየ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ሲደርሱ በሩ ላይ የተሰቀለውን የሙቀት መዝገብ ልብ ይበሉ፤ ሰዓቱ፣ ዲግሪውና የመዝጋቢው ፊርማ በየረድፉ ሰፍሮ ያገኙታል። ወደ አሜሪካ ወደቦች የሚመላለሱ መርከቦች በዚያ አገር የጤና መሥሪያ ቤት ሳያስጠነቅቅ በሚመጣ ፍተሻ ከ100 ነጥብ ይመዘናሉ፤ ለማለፍ 86 ማግኘት አለባቸው።

በዚህ ምክንያት ተቅማጥ ወይም ትውከት የነበረበት ጎብኚ ወደ ማዕድ ቤት እንዳይገባ አደራ እላለሁ። ኖሮቫይረስ የሚባለው ተሐዋስ በመርከብ ላይ በፍጥነት ይዛመታል። ሕመም ከተሰማዎ ክፍያውን አስበው ዝም አይበሉ፤ ለሕክምና ክፍሉ ይንገሩ።

ቆሻሻ የሚለይበትን ክፍል ለማየት ዕድል ካገኙም ይጠቀሙበት። ማርፖል በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ፕላስቲክን ወደ ባሕር መጣል በማንኛውም ሥፍራ ክልክል ነው። የምግብ ትራፊ የሚለቀቀው ቀዳዳው ከ25 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ወንፊት የሚያልፍ እስኪሆን ከተፈጨ በኋላ፣ ከየብስ ቢያንስ 3 የባሕር ማይል ርቆ ነው፤ ልዩ ጥበቃ በሚደረግላቸው ባሕሮች ርቀቱ ወደ 12 ከፍ ይላል። ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን በእጃቸው የሚለዩትን ሠራተኞች ያየ መንገደኛ ካቢኑ ውስጥ ያለውን ቅርጫት አጠቃቀሙን ይለውጣል ብዬ አምናለሁ።

መልስ፤ ከወለተ ማዕበል

የእናትዎንና የልጅዎን ነገር እስካሁን ያነሣ ስለሌለ እኔ ልበል። ውኃ የማያሳልፉት በሮች ከፍ ያለ የብረት ደፍ አላቸው፤ የሠራተኞቹ ደረጃዎችም ጠባብና ቀጥ ያሉ ናቸው። ጉብኝቱ በሙሉ በእግር ስለሆነ፣ መቀመጫም ስለሌለ፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት አልመክረውም። ብዙ መርከቦች ማዕድ ቤቱን ብቻ ለአጭር ጊዜ የሚያሳዩበት ወይም መኮንኖች በቲያትሩ አዳራሽ ተቀምጠው የተሳፋሪዎችን ጥያቄ የሚመልሱበት ፕሮግራም አላቸው፤ ለእርሳቸው የሚስማማው ይህ ነው። የዕድሜ ገደቡ በየኩባንያው ቢለያይም ለ14 ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ለልጁ ተስፋ ከመስጠትዎ በፊት ኩባንያውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ጣት የሚሸፍን፣ የማያንሸራትት ጫማና ረጅም ሱሪ መልበስ ግዴታ ነው።

ምላሽ፤ ከመንገደኛው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኩባንያውን ስጠይቅ ለልጃችን እንደማይፈቀድ ስለነገሩኝ እርሱ ከአያቱ ጋር ይቆያል፤ እኔና ባለቤቴ እንገባለን። አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል፦ በሠራተኞቹ መተላለፊያ ስናልፍ በሚኖሩበትና በሚያርፉበት ቦታ እንደ መግባት አይቆጠርምን? ልናነጋግራቸውስ ይገባል?

መልስ፤ ከባሕር ወዳድ

ጥያቄዎ ደግ ነው። ቡድኑ የሚያልፈው ዕቃና ሰው በሚመላለስበት ዋናው መተላለፊያ እንጂ በመኝታ ክፍሎቹ በኩል አይደለም። ግድግዳውን ይዘው ይሂዱ፤ ጋሪ የሚገፋ ሰው ቅድሚያ አለው። የመርከበኞችን ሥራ የሚመለከተው የ2006 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ስምምነት የዕረፍት ጊዜያቸውን ሲለካ ከ24 ሰዓት ውስጥ ከ10፣ ከሰባት ቀን ውስጥ ከ77 ሰዓት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ የቀረው ጊዜ ምን ያህል በሥራ ሊያዝ እንደሚችል ከዚህ ይገምቱ። በሥራ ላይ ያለውን ሰው ሰላምታ መስጠት መልካም ነው፤ ረዘም ያለውን ጥያቄ ግን የክፍሉ ኃላፊ ሲያብራራ ያቅርቡ። በልብስ ማጠቢያው ሁለት ሰዎች እርጥቡን አንሶላ ከማሽኑ አፍ ሲያስገቡ በሌላው ጫፍ ደርቆ፣ ተተኩሶና ታጥፎ ሲወጣ ያያሉ፤ እዚያ ጥቂት ቆሞ ማየት ማንንም አያስቸግርም።

መልስ፤ ከቀድሞ የመርከብ መሐንዲስ

በማዘዣው ክፍል ግን ዝምታ ይሻላል። የመርከቦችን ግጭት ለመከላከል በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ማንኛውም መርከብ ዘወትር በዓይንና በጆሮ ቅኝት እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ራዳሩ ቢኖርም ይህ አይቀርም። ስለዚህ አስጎብኚ የሆነው መኮንን የሚያናግራችሁ ተረኛ ሳይሆን ነው፤ ተረኛውን በጥያቄ አትያዙት። ውኃ የማያሳልፍ በር እየተዘጋ ከሆነ ደግሞ፣ ክፍተቱ ሰፊ ቢመስልም እንኳ፣ ፈጽሞ አትሻገሩት፤ በሩ በሃይድሮሊክ፣ ማለት በፈሳሽ ግፊት፣ ኃይል የሚዘጋ ስለሆነ ሰው መሐል ገብቷል ብሎ አይቆምም። ባለቤትዎም ይህን ከመግባታችሁ በፊት እንዲሰሙት ያድርጉ።