ከኮምቦልቻ ዋሽንግተን፦ እናቴ ስንት ሰዓት አየር ላይ ትቆያለች?

የደሴዋ፦
ሰላም ወሎዬዎች። እህቴ ወልዳ እናቴ ልታርሳት ዋሽንግተን ልትሄድ ነው። እስካሁን ርቃ የሄደችው አዲስ አበባ ነው፤ እሱም በአውቶቡስ፣ ጣርማ በር ላይ እያስመለሳት። አሁን በየቀኑ «ስንት ሰዓት ነው ሰማይ ላይ የምቆየው?» ትለኛለች። ትኬቱ ከቦሌ 22:30 ተነስታ ጠዋት 8:00 ደለስ (የዋሽንግተን አየር ማረፊያ) ትደርሳለች ይላል፤ ሲቆጠር ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ርቀቱ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራው 13 ሰዓት ነው። የቱን ልንገራት? መነሻዋ ደግሞ ኮምቦልቻ ነው።

የቦርከና ልጅ፦
እኔ የማውቀው ጅዳን ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፤ ሰዓቱም ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ ሒሳብ የለውም። የአሜሪካውን የሚያውቅ ይንገርሽ።

ትኬት ቆራጩ (ኮምቦልቻ)፦
አብሽሪ፣ ሁለቱንም አትንገሪያቸው። ትኬት ላይ ያለው የየአገሩ ሰዓት ነው። ዋሽንግተን አሁን በበጋቸው ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ ብርዳቸው ሲገባ 8 ይሆናል። እነሱ ጠዋት 8:00 ሲሉ እኛ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ማታ 4:30 ተነስተው በማግስቱ 9 ሰዓት ከደረሱ 16 ሰዓት ተኩል ነው።

ያ 13 ሰዓት አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል ብለው ርቀቱን ለ900 አካፍለው ያገኙት ነው፤ ነፋስም ነዳጅም አያውቅም። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሰውም፣ ዕቃም፣ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅም ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፣ 16 ሰዓት ተኩሉ ይህንንም ጨምሮ ነው፤ ደብሊን ይቆም የነበረበት ጊዜ ነበር። ይህን ለእናትሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። አለዚያ ጎማው መሬት ሲነካ ነጠላቸውን አስተካክለው «ደረስን» ብለው ይነሳሉ። ስንቷ እናት ተነስታለች!

ሲመለሱ ሌላ ነው። ደለስ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳል፣ ከምዕራብ የሚመጣው የላይ ነፋስም ከኋላ ይገፋዋል። ያኔ 13 ሰዓቷ እውነት ትሆናለች፣ ያለ ማረፍ።

የኮምቦልቻው ቀላል ነው፤ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው። ግን ክረምት ነው፣ ደመናው አይታመንም። እኔ ብሆን በዋዜማው አስገብቼ ዘመድ ቤት አሳድራቸዋለሁ።

የደሴዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ካደረችማ ሻንጣዋን ቦሌ ትረከባለች ማለት ነው? በርበሬና ሽሮው ብቻ አንድ ሻንጣ ሞልቷል።

ትኬት ቆራጩ (ኮምቦልቻ)፦
አዎ፣ ተረክበው በማግስቱ እንደገና ያስመዝግባሉ። ብቻ በርበሬውን በእጅ እንዳይዙት፤ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር የበለጠ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከያዙ ፍተሻው ላይ ሊያስቀሯቸው ይችላሉ። ሁሉም ከታች ይጫን። ዊልቸርም አሁኑኑ አስመዝግቢላቸው፣ አይከፈልበትም፤ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው ከእግሩ ይልቅ የሚጠቅመው መንገድ መሪ ማግኘቱ ነው።